ሶሌታውን ገመድ ይሻገረው፦ ከራውተር ርቆ ላለ ቤዝመንት አስተማማኝ ኢንተርኔት

ራውተሩ ላይኛው ፎቅ አንድ ጥግ ላይ ነው፤ የሥራ ጠረጴዛው ደግሞ ከምድር በታች፣ በቤቱ ሌላ ጫፍ። ስልኩ አንድ ሁለት የዋይፋይ መስመር ያሳያል፤ ገጽ ይከፈታል፣ መልእክት ይገባል። የቪዲዮ ስብሰባ ሲጀመር ግን የሰዎቹ ፊት ባለበት ይደርቃል፣ ድምፃቸው ይቆራረጣል፣ "ይሰማል? አሁንስ?" ሲባባሉ ሰዓቱ ያልቃል።

በዚህ ጊዜ አብዛኛው ሰው የሚሮጠው ሪፒተር፣ የዋይፋይ ሲግናል ተቀብሎ የሚደግም መሣሪያ፣ ለመግዛት ነው። እኔም ሮጫለሁ። ቤዝመንቱ ውስጥ ሰካሁት፤ ስልኬ ላይ ዋይፋዩ ሙሉ ሆነ፤ ኢንተርኔቱ ግን ያው የቀድሞው ነበር። ሪፒተሩ ራሱ የሚሰማው ያንኑ የደከመ ሲግናል ነውና። ተቆራርጦ የደረሰ ወሬ ጮክ ተብሎ ቢደገም አይጠገንም። ከዚያ ወዲህ አሠራሬ ተገለበጠ፦ ሶሌታውን የሚሻገረው ገመድ ይሆናል፣ ዋይፋዩ ደግሞ ታች ከወረደ በኋላ ይጀምራል። ይህ መመሪያ የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው፤ ገመድ የማይቻልበት ቤት ሲያጋጥም ምን እንደሚደረግም ወደ መጨረሻው አለ።

ቤዝመንት ለምን ያስቸግራል

ዋይፋይ የሬዲዮ ሞገድ ነው። እንጨትና ጂብሰም ብዙም አያደክሙትም። ፌሮ የታሰረበት ኮንክሪት ግን ጉልበቱን ይበላዋል፤ የብረት በር፣ ቦይለር፣ የውሃ ታንከርና የአየር ማስተላለፊያ ቆርቆሮ ደግሞ ወደመጣበት ይመልሱታል። ሌላ ፎቅ ላይ ቢሆን ሞገዱ በመስኮትና በበር ዞሮ ይገባል። ቤዝመንት ግን ዙሪያው አፈር ስለሆነ ከሶሌታው ሌላ ያለው መግቢያ የደረጃው ቀዳዳ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ክፍሉ ከራውተሩ በታች ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ሲርቅ ነገሩ ይብሳል። ሞገዱ ኮንክሪቱን በሰያፍ ስለሚያቋርጠው የሚያልፍበት ውፍረት ይጨምራል፤ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነውን ሶሌታ በ45 ዲግሪ ሲሻገር 28 ሴንቲ ሜትር ያህል ኮንክሪት ውስጥ ይጓዛል።

አንድ የሚረሳ ነገርም አለ። ዋይፋይ የሁለት ወገን ንግግር ነው። ራውተሩ የቱንም ያህል ቢጮህ፣ ስልኩ ወይም ላፕቶፑ በትንሿ አንቴናው መልስ መላክ አለበት። ስለዚህ "ኃይለኛ" ተብሎ የሚሸጠውን ራውተር ገዝቶ ላይ ማስቀመጥ ብዙ ጊዜ የመስመሮቹን ቁጥር ያሳምራል እንጂ ንግግሩን አያስተካክልም።

ደረጃ 1፦ ከመግዛትዎ በፊት ይለኩ

መጀመሪያ ላፕቶፑን በአጭር የኔትወርክ ገመድ ራውተሩ ላይ ሰክተው ፍጥነቱን ይለኩ። እዚያም ከተቆራረጠ ጥፋቱ የቤዝመንቱ አይደለም፤ ወደ ቤቱ የሚገባው መስመር ወይም ራውተሩ ራሱ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ያንን አይፈታም፤ ወደ ኢንተርኔት አቅራቢዎ ይደውሉ። ደህና ከሆነ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ይያዙት፤ በኋላ ማነጻጸሪያ ይሆናል።

ቀጥለው ቤዝመንት ይውረዱና የሲግናሉን ጥንካሬ በዲቢኤም ይመልከቱ። አንድሮይድ ስልክ ላይ ዋይፋይ አናላይዘር የሚባሉት መተግበሪያዎች ያሳያሉ። ማክ ኮምፒውተር ላይ የኦፕሽን ቁልፍን ተጭነው የዋይፋይ ምልክቱን ሲነኩ አርኤስኤስአይ በሚል ስም ቁጥሩ ይወጣል። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ይሻላል። -50 ግሩም ነው። ለቪዲዮ ጥሪ -67 ወይም ከዚያ የተሻለ ያስፈልጋል። -75 ላይ ገጽ ይከፈታል፣ ጥሪ ግን ይንገዳገዳል። -80 ሲደርስ ተገናኝቷል ከማለት በስተቀር ብዙ ጥቅም የለውም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስተውሉ፦ 10 ዲቢ መውረድ ማለት ኃይሉ አንድ አሥረኛ ሆነ ማለት ነው። በ-60 እና በ-70 መካከል ያለው ልዩነት ቁጥሩ እንደሚመስለው ትንሽ አይደለም።

ሦስተኛው መለኪያ ፒንግ፣ ማለትም ትንሽ መልእክት ልኮ መልሱ እስኪመጣ የሚፈጀውን ጊዜ መለካት ነው፤ እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው ይህንን ነው። የፍጥነት መለኪያ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ስለሚያይ በመሃል የሚጠፋውን ላያሳይ ይችላል። ከቤዝመንቱ ሆነው ወደ ራውተሩ አድራሻ፣ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1፣ 100 ጊዜ ፒንግ ያድርጉ። ዊንዶውስ ዝም ብለው ካዘዙት 4 ጊዜ ብቻ ልኮ ስለሚያቆም ብዛቱን መንገር ያስፈልጋል። ጤነኛ ግንኙነት ላይ መልሱ በጥቂት ሚሊ ሰከንድ ይመጣል፤ የሚጠፋም የለም። አንዱ 3፣ ሌላው 240፣ ሦስተኛው ጭራሽ ካልመጣ፣ ጥፋቱ በእርስዎና በራውተሩ መካከል ነው፤ በሌላ አነጋገር ሶሌታው ላይ።

ደረጃ 2፦ ገንዘብ የማይጠይቀውን ይሞክሩ

ራውተሩ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥን ጀርባ ወይም ወለል ላይ ከሆነ ያውጡት። ገመዱ የሚፈቅድ ከሆነ ወደ ደረጃው አፍ ያስጠጉት። ጥቂት ሜትር መንቀሳቀሱ ሞገዱ በኮንክሪት ፋንታ በደረጃው ክፍተት እንዲወርድ ካደረገው ለውጡ ይታያል።

አንቴናዎቹን ይመልከቱ። ቀጥ ብሎ የቆመ አንቴና ሞገዱን የሚበትነው በዙሪያው ወደ ጎን ነው፤ በጫፉና በእግሩ አቅጣጫ ደካማ ነው። ሁሉም ወደ ሰማይ ከቆሙ፣ ራውተሩ ለፎቁ እየሰጠ ቤዝመንቱን እየረሳ ነው ማለት ነው። አንዱን አጋድመው ያስተኙትና እንደገና ይለኩ። አንቴናው ውስጥ የተደበቀ ራውተር ከሆነ ራውተሩን ራሱን በጎኑ አቁመው ይሞክሩ፤ ያስቃል፣ ግን አንዳንዴ ይሠራል።

ከዚያ ባንዱ፣ ማለትም ዋይፋዩ የሚሠራበት የሞገድ ክልል። 5 ጊጋሄርዝ ፈጣን ነው፣ ኮንክሪት ፊት ግን ቶሎ ይዝላል፤ 2.4 ጊጋሄርዝ ቀርፋፋ ቢሆንም የበለጠ ይዘልቃል። ቤዝመንት ያለው መሣሪያ 5 ላይ ተንጠልጥሎ እየወደቀ ከሆነ ወደ 2.4 ያስገድዱት። 2.4 ላይ ቻናሉን ከ1፣ ከ6 ወይም ከ11 አንዱን ያድርጉ፤ እርስ በርስ የማይደራረቡት እነዚህ ሦስቱ ናቸው። ስፋቱን 20 ሜጋሄርዝ ላይ ይተዉት። ማይክሮዌቭ ምድጃ በዚሁ ባንድ ስለሚሠራ፣ ግንኙነቱ ምግብ በሚሞቅበት ሰዓት ብቻ ከወደቀ ወንጀለኛው ታውቋል።

ይህ ሁሉ ሲግናሉን -65 አካባቢ ካደረሰውና ፒንጉ ካልጠፋ እዚህ ላይ ያቁሙ። ካልሆነ ወደ ገመዱ እንሂድ።

ደረጃ 3፦ ገመዱን ያውርዱ

የኢተርኔት (የኔትወርክ) ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ ያለ ምንም ማጉያ ይሠራል፤ አብዛኛው ቤት ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ካት 5ኢ የሚባለው የገመድ ደረጃ 1 ጊጋቢት ይሸከማል፤ ለዚህ ሥራ በቂ ነው። አዲስ የሚዘረጋ ከሆነ ግን ካት 6 ይግዙ፤ ልፋቱ ያለው መዘርጋቱ ላይ ስለሆነ ሁለት ጊዜ መድከም የለብዎትም። ካት 8 የሚለውን ይለፉት፤ ቤት ውስጥ የሚጨምርልዎት ነገር የለም።

ሲገዙ ሽቦው ንጹሕ መዳብ መሆኑን ያረጋግጡ። በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም፣ ሲሲኤ የሚባለው፣ በዋጋው ያታልላል፤ ይሰበራል፣ በገመዱ ኤሌክትሪክ ሲላክበትም ይሞቃል። ፕላስቲኩን ልጠው የሽቦውን የብረት ገጽ በምላጭ ፋቅ ያድርጉት፤ ከሥር ነጭ ከወጣ መልሱት።

መንገዱን ማግኘት የሥራው ግማሽ ነው። ትራፓኖ ከማንሳትዎ በፊት ቤቱ አስቀድሞ ያለውን ቀዳዳ ይፈልጉ፦ የቧንቧ መውረጃው፣ የድሮ ስልክ ወይም የቴሌቪዥን ገመድ የሚያልፍበት ቱቦ (ኮንዲዩት)፣ የደረጃው ጎን፣ ወይም ወደ ውጭ ወጥቶ በቤዝመንቱ ትንሽ መስኮት መመለስ። ሶሌታ መብሳት የመጨረሻ አማራጭ ይሁን። ውስጡ ፌሮ፣ የውሃ ቧንቧና የኤሌክትሪክ መስመር ሊኖር ይችላል፤ በአንዳንድ ሕንፃ ደግሞ የተወጠረ የብረት ገመድ አለ፣ እሱ ከተቆረጠ ጉዳቱ ከኢንተርኔት በላይ ነው። የት ምን እንዳለ ካላወቁ የሚያውቅ ሰው ይጥሩ። ቤቱ የኪራይ ከሆነም አስቀድመው ያስፈቅዱ፤ በደረጃው ግርጌ በፕላስቲክ መሸፈኛ የሚሄድ ገመድ ግድግዳ ስለማይበሳ ባለቤቶች ብዙም አይከለክሉም።

ሲዘረጉ የሚጠበቁ ጥቂት ደንቦች አሉ። የኔትወርክ ገመድን የኤሌክትሪክ ገመድ በያዘ ኮንዲዩት ውስጥ በፍጹም አያስገቡ። ጎን ለጎን ከሄዱ 20 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ያራርቋቸው፤ መገናኘት ግድ ከሆነ በመስቀለኛ ይተላለፉ። ገመዱን እንደ ወረቀት አያጥፉት፤ መታጠፊያው ሰፋ ያለ ቅስት ይሁን። በውጭ በኩል የሚያልፈው ለፀሐይና ለዝናብ የተሠራው ዓይነት ይሁን። ወደ ቀዳዳው ከመግባቱ በፊት ትንሽ ወደ ታች ይንጠልጠል፤ ውሃው እዚያ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ገመዱን ተከትሎ ቤት አይገባም። ቀዳዳውን በኋላ ይድፈኑት። ቤዝመንቱ የሌላ ሕንፃ ከሆነ ደግሞ መዳብ አይዘርጉ፤ በመብረቅና በሁለቱ ሕንፃዎች የምድር መስመር ልዩነት ምክንያት እዚያ ቦታው የፋይበር ነው።

ጫፉን ራስዎ የሚያስሩ ከሆነ የአርጄ 45 ማሰሪያው የብረት ጥርሶቹ ወደ እርስዎ፣ የገመዱ መግቢያ ወደ ታች ሆኖ ሲያዝ ከግራ ወደ ቀኝ ቲ568ቢ የሚባለው መደበኛ የቀለም ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ነጭ በብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ በአረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ በሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ በቡናማ፣ ቡናማ። ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ይሁን። ጥንዶቹን ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ አይፍቱ፤ ጥምዝምዙ ነው ጣልቃ ገብነትን የሚከላከለው። አራተኛው ሽቦ ሰማያዊ፣ ስድስተኛው አረንጓዴ መሆኑ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ አረንጓዴ ጥንዱ ሰማያዊውን አቅፎ እንደሚቆም ቢያስቡት አይጠፋዎትም።

ከሰኩ በኋላ ኮምፒውተሩ ላይ የግንኙነቱን ፍጥነት ይዩ። 1 ጊጋቢት መሆን ሲገባው 100 ሜጋቢት ካሳየ፣ ከስምንቱ ሽቦዎች አንዱ አልነካም ማለት ነው። 100 ሜጋቢት የሚጠቀመው 1ኛ፣ 2ኛ፣ 3ኛና 6ኛን ብቻ ስለሆነ በአራቱ ይሠራል፤ ጊጋቢት ግን ስምንቱንም ይፈልጋል። ጫፉን ቆርጠው እንደገና ይሰሩት።

ዴስክቶፕ ብቻ ከሆነ ያለዎት በቀጥታ ይሰኩትና ጨረሱ። ስልክና ላፕቶፕ ካለ ግን ታች ዋይፋይ ያስፈልጋል።

ደረጃ 4፦ ዋይፋዩን ታች ማስጀመር

ለዚህ የሚሆነው መሣሪያ አክሰስ ፖይንት ይባላል። አዲስ መግዛት ይቻላል፤ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ አሮጌ ራውተርም ሥራውን ይሠራል። አሮጌው ላይ "አክሰስ ፖይንት ሞድ" የሚል ምርጫ ካለ እሱን ይጫኑ፤ ከሌለ በእጅ እንዲህ ይዘጋጃል፦

1. አሮጌውን ራውተር ከዋናው ጋር ሳያገናኙ ኮምፒውተር ላይ ሰክተው ወደ ማስተካከያው ገጽ ይግቡ።
2. የራሱን አድራሻ ከዋናው ጋር እንዳይጋጭ ይለውጡ። ዋናው 192.168.1.1 ከሆነ ይህንን 192.168.1.2 ያድርጉት፤ ዋናው ያንን ቁጥር ለሌላ መሣሪያ እንዳያድልም ከሚያድለው ክልል ውጭ ይሁን።
3. ለመሣሪያዎች አድራሻ የሚያድለውን ዲኤችሲፒን ያጥፉ። አድራሻ አዳይ በአንድ ቤት አንድ ይበቃል፤ ሁለት ሲሆኑ መሣሪያዎች አንዴ ይሠራሉ፣ አንዴ ይጠፋሉ፤ ምክንያቱን ለማግኘት ቀን ይፈጃል።
4. የዋይፋይ ስሙን፣ የይለፍ ቃሉንና የጥበቃውን ዓይነት ልክ እንደ ላይኛው ያድርጉ። ቻናሉን ግን ይለያዩት፤ ላይ 1 ከሆነ ታች 6 ወይም 11።
5. ከላይ የመጣውን ገመድ ላን (LAN) ከሚሉት ቀዳዳዎች በአንዱ ይሰኩ። ዋን (WAN) የሚለው ባዶውን ይቅር።

አምስተኛውን ደገም አድርገው ያንብቡት። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ገመዱን ዋን ላይ በመሰካት ነው፤ ያኔ ዲኤችሲፒው ከጠፋ ታች ያሉት መሣሪያዎች አድራሻ አያገኙም፤ ሳይጠፋ ከቀረ ደግሞ ኢንተርኔቱ ሊሠራ ይችላል፣ ነገር ግን ታች ያለው ላፕቶፕ ላይኛው ፎቅ ያለውን ፕሪንተር አያየውም።

አሮጌ ራውተር ሲጠቀሙ የጥበቃ ዝመናው የቆመ ሊሆን ይችላል፤ ቢያንስ የአስተዳዳሪውን ይለፍ ቃል ይቀይሩ፣ ያለውን የመጨረሻ ዝመናም ይጫኑ።

አዲስ አክሰስ ፖይንት የሚገዙ ከሆነ በኔትወርክ ገመዱ ኤሌክትሪክ የሚቀበለውን፣ ፖኢ የሚባለውን ዓይነት እመርጣለሁ። መደበኛው 15.4 ዋት ከላይ ይልካል፤ ታች ሶኬት መፈለግ ቀረ፤ መብራት ሲጠፋም ራውተሩን የያዘው ባትሪ አክሰስ ፖይንቱንም ይዞ ይቆያል።

ገመድ ጭራሽ ካልተቻለ

ግድግዳው ውስጥ የቴሌቪዥን ኮአክሲያል ገመድ ካለ ዕድለኛ ነዎት። ሞካ የሚባሉ ሁለት አስማሚዎች አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች ሆነው ያንኑ ገመድ የኔትወርክ መንገድ ያደርጉታል፤ ሞካ 2.5 እስከ 2.5 ጊጋቢት ይደርሳል። በመሃል ያለው ማከፋፈያ እስከ 1675 ሜጋሄርዝ የሚያሳልፍ ይሁን፤ ገመዱ ከውጭ በሚገባበት ቦታም ሞገዱ ወደ ጎረቤት እንዳይወጣ ማጣሪያ ይደረግበታል። አንድ መሰናክል አለ፦ ገመዱ የሳተላይት ዲሽ እየተሸከመ ከሆነ ሁለቱ በአንድ የሞገድ ክልል ይጋጫሉ። ሥራ የፈታ ገመድ ከሆነ ግን ከኢተርኔት ቀጥሎ ከዚህ የሚሻል የለም።

ቀጣዩ ፓወርላይን ነው፤ በመብራት መስመሩ ላይ ዳታ ይልካል። ሳጥኑ ላይ 1000 ወይም 2000 የሚል ቁጥር ይኖራል፤ እሱን ይርሱት፣ ቤት ውስጥ የሚገኘው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። አስማሚዎቹ በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰኩ፤ ዲቫይደርና የኃይል መጠበቂያ ሲግናሉን ያንቁታል። ሁለቱ ሶኬቶች በተለያየ ፌዝ ላይ ከሆኑ ጭራሽ ላይተያዩ ይችላሉ፤ የስልክ ቻርጀርና የማቀዝቀዣ ሞተርም ይረብሹታል። አንዱ ቤት ያለ እንከን የሠራው ሌላው ቤት እንቢ ስለሚል፣ መመለስ ከሚቻልበት ቦታ ይግዙ። በጋራ ሕንፃ ውስጥ ከሆኑ አስማሚዎቹን በማጣመሪያው ቁልፍ ማስተዋወቅን አይርሱ፤ ካለዚያ የጎረቤት አስማሚ ሊገባበት ይችላል።

ሜሽ፣ ማለትም እንደ አንድ ዋይፋይ አብረው የሚሠሩ መሣሪያዎች፣ እና ሪፒተር የመጨረሻዎቹ ናቸው። በአንድ ሬዲዮ ተቀብሎ በዚያው የሚልክ ሪፒተር ፍጥነቱን ግማሽ ያህል ያጣል። ለእርስ በርስ ግንኙነታቸው የተለየ ሬዲዮ ያላቸው ባለ ሦስት ባንድ ሜሾች ይሻላሉ። የትኛውንም ቢመርጡ ቦታው ወሳኝ ነው፦ ቤዝመንቱ ውስጥ ሳይሆን ሲግናሉ ገና -60 አካባቢ የሆነበት፣ ብዙ ጊዜ የደረጃው አናት ወይም መታጠፊያው ላይ። ከዚያ ወደ ታች ያለው በደረጃው ክፍተት ይወርዳል። አስቀድመው ሜሽ ካለዎትና በኋላ ገመድ ማውረድ ከቻሉ ደግሞ የታችኛውን በገመድ ያገናኙት፤ አብዛኞቹ ይቀበላሉ፣ ለውጡም የሌላ ቤት ኢንተርኔት ያስመስለዋል።

ከተዘረጋ በኋላ የሚቀሩ ችግሮች

ያንን የ100 ፒንግ ፈተና ይድገሙ፤ አንዴ ወደ ራውተሩ፣ አንዴ ከቤት ውጭ ወዳለው የጉግል አድራሻ ወደ 8.8.8.8። ወደ ራውተሩ ንጹሕ ሆኖ ወደ ውጭ ከጠፋ፣ ቤትዎ ድርሻውን ተወጥቷል፤ የቀረው የአቅራቢው ነው።

ሁሉም ንጹሕ ሆኖ ሌላ ሰው ትልቅ ፋይል ሲልክ ብቻ ጥሪዎ ከተበላሸ፣ ራውተሩ ውስጥ ወረፋ ተከማችቷል። ራውተርዎ ይህን ወረፋ የሚያስተናግድ፣ ኤስኪውኤም (SQM) የሚል ማስተካከያ ካለው ያብሩትና ፍጥነቱን ከለኩት 90 በመቶ ያህል ላይ ይገድቡት። ጥቂት ፍጥነት ከፍሎ ጸጥታ እንደመግዛት ነው።

ስልኩ ከፎቅ ሲወርድ የላይኛውን ዋይፋይ አልለቅም ካለ፣ መቼ እንደሚቀየር የሚወስነው ስልኩ ነው። የላይኛውን ራውተር የማስተላለፊያ ኃይል መካከለኛ ላይ ዝቅ ያድርጉት፤ ቶሎ ተስፋ ቆርጦ የታችኛውን ይይዛል።

አክሰስ ፖይንቱን ወለል ላይ አያስቀምጡ። ቤዝመንት እርጥበት አለው፤ ቧንቧ ሲፈነዳ ውሃው የሚሰበሰበውም እዚያ ነው። ከጉልበት በላይ ከፍ አድርገው፣ ከቦይለሩ አርቀው ግድግዳ ላይ ይስቀሉት፤ ገመዱ ሁለቱም ጫፍ ላይ "ቤዝመንት" ብለው ይለጥፉበት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ራውተሩን የሚቀይረው ሰው የትኛውን እንደሚነቅል እንዲያውቅ።